የጥጃ ቋጠሮ

የመጣችው ልጅ ትሁት ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምለው በኋላ ስለ ሌላ ሰው የምጽፈውን አይቶ አንባቢ ሁሉንም የጠላሁ እንዳይመስለው ነው። ባጃጁን በር ላይ አስቁማ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ገባች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ደብረ ሲና ሲደርስ ሹራቡን ይደርባል፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ያወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ውሃ ይለምናል። ውሃ ሰጠኋት።

"እትዬ፣ ከድርጅቱ ነው የመጣሁት" አለች።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ዛሬ በብዙ አገር በረሃብ የተጎዱ ሕፃናትን የሚያነሳ ድርጅት ነው። አርማው በትንሽ ክንድ ላይ የታሰረ ነጭ ክር ነው። በመኪኖቻቸው በር፣ በድንኳኖቻቸው፣ በሠራተኞቻቸው ሰደርያ ጀርባ ላይ ተስሏል። በከተማችን የማያውቀው የለም።

"ሥራው የተጀመረው እዚህ ስለሆነ የምሥረታ በዓሉን እዚሁ ልናከብር ነው። ያኔ ከተረዱት መካከል በሕይወት ያሉትን እየፈለግን ነው። እርስዎም እንዳሉ ነገሩን።"

"ከተረዱት" አልኩ።

"አዎ እትዬ። ለተረጂዎች ከፊት መቀመጫ ተይዟል። አጭር የምስጋና ቃልም አለ፤ እርስዎ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።"

ወረቀቱን ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ምስጋናው ነጩን ክር ፈልስፈው ለዓለም ላበረከቱት ለክቡር ሊቀመንበር ነበር። ከወረቀቱ ጋር ስለ ድርጅቱ አመጣጥ የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ በሽፋኑ ላይ ሰውየው ቆሟል። ሽበቱ አምሮበታል።

ከአርባ ዓመት በላይ ዝም ብያለሁ። ሌላ ጥቂት ቀን ዝም ማለት አያቅተኝም። "እመጣለሁ" አልኳት። ልጅቷ ደስ ብሏት ሄደች።

አሁን የሆነውን ልናገር።

በዚያ የድርቅ ዓመት ድርጅት የሚባል ነገር አልነበረም። አንዲት ፈረንጅ ነርስ፣ አንድ አቧራ የጠጣ መኪና፣ ጥቂት ጆንያ እህልና ዱቄት ወተት ብቻ ነበር። ከቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ሰው ልጁን ተሸክሞ ይወርድ ነበር። ከተራራው ጥግ ያሉ የአርጎባ ሰዎችም ይመጡ ነበር። ማሽላው ሳያሽት ደርቆ፣ አህያ እንኳ ጭነት ሳይኖርበት የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። ነርሷ ከመንገዱ ዳር ያለውን አሮጌ የጥጥ መጋዘን ለመነች፤ ተፈቀደላት። እኛ የከተማዋ ሴቶች በበርሜል አጥሚት እንሠራላት ጀመር። እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የድርጅቱ አመጣጥ ይኸው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ "ራእይ" ይለዋል። እኔ የማስታውሰው ጭስና የሕፃናት ዝምታ ነው። የራበው ልጅ ያለቅሳል፤ በጣም የራበው ግን አያለቅስም።

ነርሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኛም ቋንቋዋን አናውቅም። በመካከላችን አንድ አስተርጓሚ ነበር። ከተማ ያደገ፣ ሱሪው የተተኮሰ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ወጣት ነው። እሷ ሦስት ቃል ስትናገር እሱ ዐሥር ይነግረናል፤ እኛ ዐሥር ስንናገር እሱ ሦስት ይነግራታል። ምን እንደሚቀንስና ምን እንደሚጨምር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

በጣም ለተጎዱት ልጆች በቀን አምስት ጊዜ ይሰጣቸው ነበር። እነሱን ከሌሎቹ ለመለየት ነርሷ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ካርዶች አመጣች። "እንዳይጠፋ ልጆቹ ላይ እሰሩት ብላለች" አለን አስተርጓሚው። የት እንደሚታሰር አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም። ገበያ ሄጄ ጥቁር ክር ገዛሁና ካርዱን በየልጁ አንገት አሰርኩ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። የነርሷ አልነበረም፤ የአስተርጓሚውም አልነበረም። እኔ ባደግሁበት ቤት ልጅ ሲጠመቅ ክር ይታሰርለታል፤ የሚታሰረውም አንገቱ ላይ ነው። ክር ሌላ ቦታ ሊታሰር እንደሚችል አልታየኝም።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም መጣ። በሁለተኛው ቀን ከሙስሊሞቹ እናቶች የመጡት ጥቂት ናቸው። በሦስተኛው ቀን የመጋዘኑ ግማሽ ባዶ ሆነ። ነርሷ ባዶውን ምንጣፍ እያየች ትጠይቃለች፤ አስተርጓሚውም ትከሻውን እየነቀነቀ ይመልሳል።

"ምን አልካት?" አልኩት።

"ቤታቸው እህል ደብቀዋል አልኳት።"

ነገሩ አልገባኝም። ጎረቤቴ ማሾ ቸርቻሪ ነበረች፤ ሙስሊም ናት፤ ከእኔ ጥቂት ዓመት ቀድማ ነው የተዳረችው። ልጇ ከሁሉ የከፋችው ነበረች። ቤቷ እህል ቢኖር ሽታው ለእኔም ይደርሰኝ ነበር። በማግሥቱ ወንዝ ወርጄ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት።

"ልጅሽን ለምን አታመጫትም?" አልኳት።

ጀሪካኗን ሞላች። ከዚያ ቀና ብላ "ላብላት ብዬ ላስጠምቃት?" አለች።

"ማን አስጠምቂ አለሽ?"

"አንቺ ነሻ። ማተብ አስረሽ ሰደድሻት። አባቷ አይቶ በቢላ በጠሰው።"

"ማተብ አይደለም እኮ። ምልክት ነው።"

"ጥቁር ክር፣ አንገት ላይ። ማተብ ሌላ መልክ አለው እንዴ?" አለችኝ። "ሰፈሩ ሁሉ ክርስቲያኖቹ በአጥሚት ልጅ እያጠመቁ ነው ይላል። እኔ አንቺን ስለማውቅ አላመንኩም። ግን ልጄን ይዤ ብመጣ ማን ያምነኛል?"

ጀሪካኗን አዝላ ስትሄድ ከኋላዋ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ልጅቷ ያለ አጥሚት ሦስት ቀን ሆኗታል። አራተኛውን እንደማትጨርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ቀጥታ ወደ መጋዘኑ ነው የሄድኩት። የእርዳታ ጆንያ አፉ የሚሰፋው በወፍራም ነጭ ክር ነው፤ ጆንያው ሲከፈት ክሩ ይጣላል። ያንን ክር ከመሬት ለቀምኩ። ከዚያ ቋጠሮውን አሰብኩ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ጥጃ ማሰር ያስተማረው እኔን ነው። ጥጃ በሸምቀቆ አይታሰርም፤ ሲጎትት ይታነቃል። በሙት ቋጠሮም አይታሰርም፤ ሲያድግ ገመዱ ሥጋውን ይበላዋል። የጥጃ ቋጠሮ ጥጃው ቢጎትተው የማይጠብቅ፣ በእጅ ሲገፉት ግን የሚሰፋ ነው። ገመዱ ረዘም ያለ ጭራ ይተውለታል፤ ጥጃው ባደገ ቁጥር ቋጠሮው ወደ ጭራው ይገፋል።

ክሩን ይዤ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። ባሏ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሰላም አልኩት፤ መለሰልኝ፤ ግቢ ቅረቢ አላለኝም። ልጅቷን ከእናቷ ተቀብዬ ነጩን ክር ከክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ካርዱን አንጠለጠልኩበት። ሰውየው ተነሥቶ መጣና ክሩን በጣቱ እያሻሸ አየው።

"ይሄ የጆንያ ክር ነው" አለ።

"አዎ።"

"ቋጠሮው ደግሞ የጥጃ ነው። እንደ ጥጃ አሰርሻት?"

"እንዳይታነቅባት ነው።"

ጣቱን ከክሩና ከክንዷ መካከል አስገባ። ከዚያ ሳቀ። "ጥጃስ ሃይማኖት የለውም" አለ። ሚስቱን ዞሮ "በይ ውሰጃት" አላት።

በማግሥቱ የክርስቲያኖቹን ልጆች ጥቁር ክር ሁሉ ፈትቼ በነጭ ቀየርኩት፤ ሁሉም በክንድ። እናት ለእናት ተነጋገሩ መሰለኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ መጋዘኑ እንደገና ሞላ።

ነርሷ ሌላ ነገር አየች። ልጁ ሥጋ ሲያወጣ ክሩ ይጠብቃል፤ እኔ ቋጠሮውን በጣት ስፋት እገፋለሁ፤ ጭራው ያጥራል። ጭራው ያለቀ ልጅ ድኗል ማለት ነው። ጭራው ያላጠረ ልጅ ደግሞ አጥሚቱ አልጠቀመውም፤ ሌላ በሽታ አለበት። ሚዛን ሳያስፈልግ፣ ማንበብ ሳያስፈልግ፣ ማንኛዋም እናት የልጇን ጤና በዓይኗ ታያለች። እኔ ይህን አስቤ አላደረግሁትም። ነርሷ ናት የገባት። አጠገቤ ተንበርክካ ክንዷን ዘረጋችልኝና እሷ ላይ እንዳስር በምልክት ጠየቀችኝ። አሰርኩላት፤ ፈታችው። ደግማ ዘረጋች። ከዚያ በእኔ ክንድ ላይ ሞከረች፤ እስኪሳካላት ድረስ ብዙ ጊዜ ተበላሸባት፤ ሁለታችንም ሳቅን። በደብተሯ ላይ ሣለችው። ሁሉም ያለ አንድ ቃል ነው የሆነው።

አስተርጓሚው በሩን ተደግፎ ያየን ነበር። "ጥጃ አሳሪዋ፣ ፈረንጇንም ልታስሪያት ነው?" አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በር ላይ አስቆመኝ። "ክንድ ላይ ክር ማሰር ጥንቆላ ነው ብላለች። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" አለኝ።

በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። ነርሷ ከውስጥ ሕፃን ታቅፋለች። አየችኝና እጇን አንሥታ አውለበለበችልኝ። ስንብት መሰለኝ። ዞሬ ሄድኩ።

ለምን እንዳደረገው አሁን አውቃለሁ። በነርሷና በሕዝቡ መካከል ያለው በር እሱ ነበር፤ በርም ዋጋ የሚኖረው ሌላ መግቢያ እስከሌለ ድረስ ነው። እኔ በአንድ ቁራጭ ክር ሌላ መግቢያ ከፈትኩበት።

ያ ቃል ግን ከኔ ጋር ቀረ። "በጥንቆላ የተባረረችው" ተባልኩ። የሰፈር ሴቶች ሕፃን ሳቅፍ ቶሎ ብለው ይቀበሉኝ ነበር። አማቴ እስክትሞት ድረስ የሰፋሁትን ልብስ አልለበሰችም። ስለ ባለቤቴ እዚህ አልጽፍም። ነጩ ክር ግን ቀጠለ። ነርሷ አገሯ ተመልሳ ድርጅቱን አቋቋመች፤ አስተርጓሚውም ውሎ አድሮ ሊቀመንበሩ ሆነ፤ ክሩም ሥራው በገባበት አገር ሁሉ ገባ። በቴሌቪዥን የማላውቀው አገር ልጅ ክንድ ላይ ሳየው ወደ ስክሪኑ እጠጋለሁ። ቋጠሮውን አያለሁ። የኔው ነው። ከዚያ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ለማን ነው የምናገረው?

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን ልጅቷ የምስጋናውን ንባብ ልታለማምደኝ ተመልሳ መጣች። ማሾ ቸርቻሪዋ ጎረቤቴ አብራኝ ነበረች፤ አርጅታለች፣ ምላሷ ግን አላረጀም። መጽሐፉን ስታገላብጥ በፈረንጅ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ገጽ ላይ ቆመች። ሌላው ሁሉ አማርኛ አለው፤ ይህ ብቻ ፎቶው ለጌጥ ገብቷል።

"ይሄስ ምን ይላል?" አለች።

"ነርሷ ያኔ ለእኅቷ የጻፈችው ደብዳቤ ነው" አለች ልጅቷ፤ እየተረጎመች ታነብልን ጀመር። ነርሷ ስለ ሙቀቱ ጽፋለች፤ ስለ ዝንቡ ጽፋለች። ከዚያ ክሩን የምታስረው ሴት ድንገት እንደጠፋችባት፣ አስተርጓሚውም ሴትዮዋ ወደ ባሏ አገር ሄዳለች እንዳላት፣ ሳትሰናበታት በመሄዷ እንዳዘነችና በየገበያው እንደምትፈልጋት ጽፋለች።

የልጅቷ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። "እትዬ፣ ይህቺ ሴት ማን ናት?"

ጎረቤቴ ናት የመለሰችው። "ውሃ ያጠጣችሽ ናት" አለች።

የነርሷ እጅ ያን ቀን የተውለበለበው ለሰላምታ ነበር ማለት ነው። ነርሷ ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው። እዚያ ላይ ምን እንደተሰማኝ ለራሴ ላቆየው።

"ለኃላፊው ልንገረው?" አለች ልጅቷ።

"አትንገሪ" አልኳት። "ነገ በዓል ነው።"

ድንኳኑ የተተከለው የጥጥ መጋዘኑ በነበረበት ሜዳ ላይ ነው። እኔና ጎረቤቴ ከተረጂዎች ወንበር ተቀመጥን። ከኋላችን ከየቀበሌው የመጣ ገበሬ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ በጥቁር ኮት መድረክ ላይ ነበር፤ በዚያ ሙቀት። አጠገቡ የድርጅቱ ኃላፊ፣ ወጣት ፈረንጅ ተቀምጧል። ከእኔ የምስጋና ቃል በፊት በፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ነበር፦ ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ክር እንዴት እንዳሰሩ በኃላፊው ክንድ ላይ ያሳያሉ።

ኃላፊው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። ሊቀመንበሩ ነጩን ክር ተቀበለ። አንድ ጊዜ አዞረው፤ አሰበ፤ ሁለተኛ አዞረው። ጣቶቹን አየሁ፤ አያውቁትም። ሳብ ሲያደርገው ክሩ ሥጋ ውስጥ ገባ። ኃላፊው በትሕትና ፈገግ አለ። ሊቀመንበሩ ሊያላላው ጎተተው፤ ባሰበት።

ከኋላ ገበሬዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ የጎረቤቴ ድምፅ ተሰማ።

"ጋሼ፣ እሱ ሸምቀቆ ነው። እንግዳውን ሊያንቁት ነው?"

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ጥጃ ያላሰረ ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ከመድረኩ ላይ ካለው በቀር። አንድ ሽማግሌ "ለጥጃ ቢሆን ይሄኔ ሞቷል" አለ። ጎረቤቴ ክርኗን ወደ ጎኔ ሰደደች። "ተነሺ አንቺ። ወይስ ይህንንም ዓመት ልታሳልፊው ነው?"

ተነሣሁ። የምስጋናውን ወረቀት ወንበሩ ላይ ተውኩት። መድረኩ ላይ ወጥቼ የኃላፊውን ክንድ ያዝኩ፣ ሸምቀቆውን ፈታሁ፣ ደሙ እስኪመለስ አሸሁለት። ከዚያ አሰርኩት። ጭራውን ይዤ ጎተትኩ፤ አልጠበቀም። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ ሰፋ። ኃላፊው ክንዱን፣ ከዚያ ከኋላው የተሰቀለውን ትልቅ አርማ አየ። አንድ ዓይነት ነው።

ልጅቷ ልትተረጉምልኝ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዛሬ በመካከል ያለው አፍ የእሱ አልነበረም።

"መጀመሪያ ያሰርኩት በጥቁር ክር፣ አንገት ላይ ነው" አልኩ። "ተሳስቼ ነበር። በኔ ስህተት የሙስሊሞቹ ልጆች ሦስት ቀን ተርበዋል። ያስተማረችኝ ይህቺ ጎረቤቴ ናት። ከዚያ በጆንያ ክር፣ በጥጃ ቋጠሮ፣ ክንድ ላይ አሰርኩት። ነርሷ ከእኔ ተማረችው። በመጽሐፋችሁ ውስጥ በገበያ የምትፈልገው እኔን ነው። የትም አልሄድኩም ነበር። ቤቴ ከዚህ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው።"

ሊቀመንበሩ ማይኩን ተቀበለ። "ያኔ እኮ ሁላችንም አብረን ነበርን" አለ።

"አብረን ነበርን" አልኩት። "በሩ ላይ እስክታስቆመኝ ድረስ።"

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኔም ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ስወርድ ከተረጂዎቹ ወንበር አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ተነሥታ ክንዷን ይዛ አቀፈችኝ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ያቺ የመጀመሪያዋ፤ ዛሬ ልጆች አሏት። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። ሰው ቂም አያስደስትም ሲል እሰማለሁ። እኔን ያን ቀን በጣም አስደስቶኛል።

መጽሐፉ እንደገና ታትሟል። ክሩን ማን እንዳሰረው፣ ለምን ከአንገት ወደ ክንድ እንደወረደ፣ ጎረቤቴ ወንዝ ዳር ያለችኝ ቃል ሳይቀር ተጽፏል። ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ እኛ ሲመጡ አዳዲስ ሠራተኞች መጀመሪያ እኔ ቤት ይላካሉ፤ ቋጠሮውን ሳያውቁ ድንኳን አይገቡም። ሐኪም ቢሆኑም። ጣታቸው ሲጠላለፍ ጎረቤቴ ከጥግ ሆና ትሰድባቸዋለች።

ከበዓሉ በኋላ ሊቀመንበሩ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንደኛው ቄስ፣ አንደኛው ሼህ፣ አንደኛው የሁለቱም ወዳጅ። ይቅርታ ይጠይቃል፣ እርጅና ነው፣ ለልጆቹ ስም ሲባል ክሩን አብራችሁ እንደጀመራችሁት ብትመሰክሪለት አሉ።

"ሐሰት አልመሰክርም" አልኳቸው። "ይቅርታውን ግን እቀበላለሁ። እሱ ራሱ ይምጣና ጥጃዬን ይሰር።"

ሼሁ ሳቁ። ቄሱ "ይህ ንስሐ መሆኑ ነው?" አሉኝ።

"ሥራ ነው አባቴ" አልኩ።

ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። በሳምንቱ ጠዋት መጣ፤ ያለ ኮት። ገመዱን ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ብቻ አሳየሁት፤ ነርሷ ያኔ እንዳሳየኋት፣ ያለ ቃል። በመጀመሪያው ጥጃዋ አምልጣ የጎረቤቴ ማሾ ውስጥ ገባች፤ ጎረቤቴም ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። በሁለተኛው ሸምቀቆ ሆነ፤ ቶሎ ፈታሁላት። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠብ ነበር። አላገዝኩትም።

ሦስተኛው ያዘ። ጥጃዋ ጎተተች፤ አልጠበቀም። በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ሰፋ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ደህና ነው" አልኩት። ጭራውን ግን አሳጥሮታልና፣ ፈትቶ እንደገና እንዲያስረው ነገርኩት።